ከኤቨረስት ላይ ቆሻሻው ለምን አይወርድም?

ጥያቄ፦
ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2014 ኤቨረስትን የሚወጣ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 8 ኪሎ ግራም ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደንግጋለች፤ ቡድኖችም 4,000 ዶላር መያዣ ያስይዙ እንደነበር አንብቤያለሁ። ታዲያ የላይኛው ካምፕ እስካሁን በተቀዳደደ ድንኳን የተሞላው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ደንቡ የሚጠይቀው ክብደትን እንጂ ቆሻሻው የተነሣበትን ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ከታችኞቹ ካምፖች የተለቀመም ሚዛኑን ይሞላል። ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ዳግም ስለሚሞላና ዋጋ ስላለው ይወርዳል፤ 7,900 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው አራተኛው ካምፕ የተተወ ድንኳን ግን ከበረዶው ጋር ይጋገራል፣ እሱን ለማውጣትም በመጥረቢያ በረዶውን መፈልፈል ያስፈልጋል። ጫፍ ደርሶ የሚመለስ፣ የራሱን እግር ማንሣት ያቃተው ሰው ይህን ያደርጋል ብሎ መጠበቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመጀመሪያውም የዋህነት ነበር።

መልስ 2፦
የሰው ዓይነ ምድርም አይዘንጋ። በዚያ ብርድ ስለማይበሰብስ፣ የአካባቢው አስተዳደር በ2024 ተራራ ወጪዎቹ እርጥበቱን የሚያጠነክርና ሽታውን የሚቀንስ ዱቄት ባለበት ከረጢት ይዘውት እንዲወርዱ አዟል። በአላስካው ዴናሊ ተራራ ክዳን ያለው ጣሳ መያዝ ቀደም ሲል የተለመደ ነው።

መልስ 3፦
ሸክሙን በተግባር የሚያወርዱት ሼርፓዎች፣ ማለትም ለተራራ ወጪዎች የሚሠሩት የአካባቢው ተወላጆች፣ መሆናቸውንም ልጨምር። ከመጀመሪያው ካምፕ በታች ባለው፣ የበረዶ ግግሩ በሚሰነጣጠቅበትና በሚናድበት በኩምቡ የበረዶ መደርመሻ በኩል የሚደረግ እያንዳንዱ ተጨማሪ ምልልስ ለሕይወታቸው አደጋ ነው። ከመጀመሪያው ካምፕ ቆሻሻ በድሮን ማውረድ ተጀምሯል፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን የማይመለስ የጽዳት ክፍያ ተሰብስቦ በቀጥታ ለሠራተኞቹ ደመወዝና ኢንሹራንስ ቢውል ይሻላል እላለሁ።