ኤምባሲ ቡና ይሽጥ ወይስ በር ያስከፍት?

መነሻ፦ ምንዛሪ የሚያጥራት አገር ኤምባሲዎቿን የንግድ ቢሮ ታድርጋቸው? ትንሿን ሩዋንዳን ምሳሌ የሚያደርግ በዝቷል። እኛ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ቢያንስ 30 ሚሲዮኖች (ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች) በወጪ ምክንያት እንደሚዘጉ ሲነገር ሰምተናል። ከባሕር ዳር፣ ከመራዊና ከመተማ መስመር ዕቃ ወደ ውጭ የምትልኩ ሁሉ በሸቀጥ አስደግፋችሁ ተናገሩ።

ቡና ላኪ፦ ይሽጡ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤጂንግ ያሉት የሩዋንዳ አምባሳደር ከአንዲት ታዋቂ የኢንተርኔት ሻጭ ጎን ቀርበው 3,000 እሽግ ቡና በቅጽበት አለቀ። በ2022 የእኛም አምባሳደር እንዲሁ ቀርበው 11,200 እሽግ በ5 ሰከንድ ተሸጠ። ቻይናዊ ገዢ ይርጋጨፌን ከየት ያውቀዋል? መንግሥት የወከለው ሰው ሲመሰክርለት ያምናል።

ሰሊጥ ላኪ፦ ወንድሜ፣ በጆንያ እንቁጠረዋ። የሩዋንዳው 3,000 እሽግ 1.5 ቶን ነው፤ በባለ 60 ኪሎ ጆንያ 25 ብቻ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይጭናል። ለስም ደግ ነው፤ ምንዛሪ የሚገባው ግን በኮንቴይነር ነው። ሰሊጥን የሚይዘው የገዢ እጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቻይና የቅባት እህል የሚያዘጋጅ ድርጅት በገዛ መንግሥቱ በኩል ቀርቦ ጉምሩኳ ዘንድ እንዲመዘገብ አስገድዳለች። የተመዘገበው ስምና ሰነዱ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ ዕቃው ወደብ ላይ ይቆማል፤ ኪራዩም በየቀኑ ይቆጥራል። እዚያ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስተካክል ሰው ነው የሚያስፈልገን።

የፍራፍሬ ባለሙያ፦ መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ መስኖ አቮካዶ ተመልከቱ። ሃስ የሚባለው ዝርያ ደረቅ ይዘቱ (ከውሃው ውጭ ያለው ክፍሉ) 21 በመቶ ሳይደርስ ከተቀጠፈ አይበስልም፤ ይጨማደድና እንደ ጎማ ይሆናል። ከተቀጠፈ በኋላ ደግሞ 5 ዲግሪ ገደማ ካልተጠበቀ መንገድ ላይ ይለሰልሳል። ይህ የእኛ ሥራ ነው፤ አምባሳደር አይሠራልንም። ቻይና ለመግባት ግን ጥራት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ መንግሥታት የተባይ ቁጥጥር ስምምነት መፈረም አለባቸው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደላት ተልጦ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የቀዘቀዘ ብቻ ነበር፤ ያንን ማሽን መግዛት የቻለው ላኪ ጥቂት ነው። ትኩሱን ለማስፈቀድ እንደገና ተደራድራ በ2022 ፈረመች፤ የመጀመሪያው ጭነት በዚያው ዓመት ነሐሴ ወጣ። ከኤምባሲ የምጠብቀው ይህን ዓይነት ሙግት ነው።

ቡና ላኪ፦ እሺ፣ በሩ ተከፈተ እንበል። ማን ያስተዋውቅልን? የጣና ቋንጣ ዓሣ ሱዳን የገባው ነጋዴ ለነጋዴ ስለሚተዋወቅ ነው። ቻይና ወደብ ቺንግዳኦ ላይ ማንን እናውቃለን?

ትራንዚተሯ፦ ያስተዋውቅ፣ ግን አይነግድ። እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 3 የኢኮኖሚ ግንኙነትን ማሳደግ ከሚሲዮን ሥራዎች አንዱ ነው፤ አንቀጽ 42 ደግሞ ዲፕሎማቱ በተመደበበት አገር ለግል ትርፉ እንዳይነግድ ይከለክለዋል። ድንበሩ ግልጽ ነው። ጋሼ፣ የገዢውን ነገር ካነሳህ ዘንድ ችግሩ ክፍያ ላይ ነው። ያለ ኤልሲ (የገዢው ባንክ ክፍያውን ዋስ ሳይሆን)፣ ሰነዱ በባንክ ሄዶ ገዢው ሲከፍል በሚረከብበት መንገድ ብትልክ፣ መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ የሰሊጥ ዋጋ ከወረደ ገዢው ሰነዱን አላነሳም ይላል። 380 ጆንያ ባለ 50 ኪሎ፣ 19 ቶን ማለት ነው፣ ወደቡ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ «ቅናሽ አድርግ» ይልሃል፤ ዕቃውን ከመመለስ ስለሚሻል ትቀንሳለህ።

ሰሊጥ ላኪ፦ እውነት ነው። ታዲያ ኤምባሲው እዚህ ላይ ምን ያደርግልናል?

ትራንዚተሯ፦ ውል ሳይፈረም ማጣራት ነዋ። የቻይና ድርጅት ሁሉ ፈቃዱ ላይ ባለ 18 አኃዝና ፊደል መለያ አለው። እሱን፣ የፈቃዱን ፎቶና የባንክ ሂሳቡን ስም ለንግድ ክፍሉ ላክ። ሂሳቡ በሌላ ስም ወይም በሌላ አገር ከተከፈተ ውሉን አቁም። ድርጅቱ የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነም በኤልሲ ካልሆነ አትጫን። ኤምባሲው ዕዳ አያስከፍልልህም፣ ዳኛም አይደለም፤ የድርጅቱን መኖር አለመኖር ግን ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ያጣራዋል።

ቡና ላኪ፦ በዚህ እስማማለሁ። ማስተዋወቁን ግን አልተውም፤ ሰሊጥ በቶን ይሸጣል፣ የተቆላ ቡና የሚሸጠው በስሙ ነው።