«ፒክ አፕ»ን በደንብ ለመያዝ የትኛው መማሪያ ይሻላል?

ይህ ጥቆማ ጣና ዳር ከእንግዳ ጋር ለምትሠሩ ነው፤ ጀልባ ለምትነዱ፣ ሆቴል መቀበያ ላይ ለምትውሉ፣ አስጎብኚነት ለጀመራችሁ። እንግሊዝኛ ለመማር ብር ከማውጣታችሁ በፊት መማሪያውን በአንድ ፍሬዛል ቨርብ ፈትኑት፤ ይህም እንደ «አፕ» ያለ ትንሽ ቃል ተጨምሮበት ትርጉሙ የሚለወጥ ግስ ነው። እኔ የምፈትነው በ«ፒክ አፕ» (pick up) ነው።

ለምን በሱ? ሥራችሁ ላይ በየጊዜው ስለሚመጣ። ዕቃ ከመሬት ማንሳት ነው። ስልክ ማንሳትም ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል። እንግዳው «ፒክ ሚ አፕ አት ዘ ኤርፖርት» ካለ ግን መጥታችሁ ውሰዱኝ ማለቱ ነው። ክፍል ሳይገቡ ቋንቋ እየሰሙ መልመድም «ፒክ አፕ» ይባላል። ክረምቱ ወጥቶ ሥራ ሲነቃቃ «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ነው። ለጀልባ ሰው ደግሞ ዋናው ይሄ ነው፦ ከዘጌ ስትመለሱ ነፋሱ መበርታት ከጀመረ «ዘ ዊንድ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» በሏቸው። ለምን ቶሎ እንሂድ እንዳላችሁ ወዲያው ይገባቸዋል።

የስልክ ተርጓሚ ሲቸኩሉ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስከሰጣችሁት ድረስ። የኪስ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ለነጠላ ቃል ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ግስ ብላችሁ ግን አትግዙት።

የኔ ምርጫ የሎንግማን የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው። ነፃ ነው። ትርጉሙን የሚያብራራው 2,000 ገደማ በሚሆኑ ቀላል ቃላት ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። በግሱና በ«አፕ» መካከል ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ካያችሁ፣ ተሳቢው መሀልም ከኋላም መግባት ይችላል ማለት ነው። «ፒክ አፕ ዘ ባግ» ወይም «ፒክ ዘ ባግ አፕ» ትላላችሁ። በስሙ ፈንታ ተውላጠ ስም ከመጣ ግን ቦታው መሀል ብቻ ነው። «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የማያሳይ መማሪያ ለኔ ፈተናውን ወድቋል።

ለጆሮ ደግሞ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽን ስሙ። «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የሚባለው ዝግጅት ከነጽሑፉ በነፃ ይገኛል። ዋይፋይ ያለበት አውርዱና ባጃጅ ላይ ስሙት።

ኮርስ መግባት ካማራችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ እንድታዩ ጠይቁ። መምህሩ የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር አስጽፎ ሸምድዱ ካለ ብራችሁን ያዙ። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያወሩ ከሆነ ክፈሉ፣ ያዋጣችኋል። ከዚያ የሚረክስም አለ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እንግሊዝኛ ከሚማሩ ልጆች አንዱን አግኝታችሁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት አብራችሁ ለማውራት ተስማሙ። ብቻ በፈተና ሰሞን አታስቸግሯቸው።