ቅጠል ያለበት ብስኩት እጥፍ ዋጋ ገዛሁ፤ ተሸወድኩ እንዴ?

የሆጤዋ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ የ6 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ «ኦርጋኒክ» የሚል የልጆች ብስኩት አየሁና ከሌላው እጥፍ ከፍዬ ገዛሁ። ባለቤቴ ካርቶኑን እያገላበጠ «ለቅጠሉ ነው የከፈልሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጀርመን ያለችው እህቴ የላከችው የገንፎ እህል ላይም ቅጠል አለ፣ ግን የእሱ በኮከቦች የተሠራ ነው፣ የእኔው ብስኩት ዝም ብሎ የቅጠል ሥዕል ነው። ልዩነት አለው? ሌላው፣ ትልቁ ልጄ ምሳ ዕቃው ውስጥ ብስኩትና ጁስ ካላየ ያለቅሳል። የሚሻለውን ንገሩኝ፣ ብቻ ኪሴ የሚችለውን።

ካርቶን ተሸካሚው
እህቴ፣ እኔ አስመጪ ቤት ዕቃ ሳራግፍ ነው የለመድኩት። በ12 ኮከብ የተሠራው ቅጠል የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ነው። እሱን ለመለጠፍ ከእርሻ የመጣው ይዘት ቢያንስ 95 በመቶው በኦርጋኒክ መንገድ፣ ማለትም በጥቅሉ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ፣ የተመረተ መሆን አለበት። አጠገቡ በአገር ስም ምህጻር የሚጀምር ኮድ ታያለሽ፣ የተቆጣጠረው ድርጅት መለያ ነው። እዚያው እህሉ ኅብረቱ ውስጥ ይብቀል ውጭ ይጻፋል። የአሜሪካው ደግሞ ክብ ነው፣ እሱም 95 በመቶ ይጠይቃል። «ናቹራል» የሚለው ቃል ግን አያታልልሽ፣ ሰብሉ በምን እንዳደገ አይነግርሽም። የቅጠል ሥዕልማ ማንም ማተሚያ ቤት ያትመዋል።

ነርስ ከኮምቦልቻ
ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ዘለልከው። ኦርጋኒክ ማለት እንዴት እንደተመረተ እንጂ ለልጅ ይስማማል ማለት አይደለም። ኦርጋኒክ ስኳርም ስኳር ነው! እሙ፣ እስኪ ካርቶኑን ገልብጪና ዝርዝሩን ጻፊልን። በብዛት የገባው ቀድሞ ነው የሚጻፈው።

የሆጤዋ እናት
የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ጨው... ከታች በ100 ግራም 26 ግራም ስኳር ይላል።

ነርስ ከኮምቦልቻ
አየሽ፣ ሩብ ያህሉ ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነው ብለሽ ያዢ፣ 100 ግራሙን ከበላው ስድስት ማንኪያ ተኩል ዋጠ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳርና የጁስ ስኳር በቀን ከምግብ ከሚገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል፤ 5 በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ለ6 ዓመት ልጅ ያንሳል። ግሉኮስ ሲረፑም ያው ስኳር ነው፣ በሁለት ስም ተከፋፍሎ ሁለት ቦታ ሲጻፍ ያነሰ ይመስላል። የጁሱን ደግሞ ራስሽ ቁጠሪው።

ሀበሻው
ምን ታካብዳላችሁ፣ እኛ አገር ገበሬ ያመረተው ሁሉ ኦርጋኒክ ነው። ሰኞ ገበያ ወርዶ መግዛት ነው።

የሐርቡ ልጅ
ወንድሜ ሀበሻው፣ አባቴ ቲማቲም አምራች ነው፣ ወላሂ እንደዚያ አይደለም። ቲማቲም በሽታ ይበዛበታል፣ መድኃኒት ይረጫል። ችግሩ መርጨቱ ብቻ አይደለም። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ ግን ዋጋ የወጣ ቀን ማን ይጠብቃል? ነጋዴው መኪና አቁሞ ቆሟላ! ማጠብ ላይ ላዩን ይቀንሳል፣ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ሌላም አለ፣ ሰላጣና ጎመን ስትገዙ ውሃው ከየት ነው በሉ። ቦርከና የከተማ ቆሻሻም የፋብሪካ ፍሳሽም ይገባበታል። ጀርሙን መቀቀል ይገድለዋል፣ በፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣውን መርዛማ ብረት ግን እሳት አያጠፋውም። እኔ የማምነው ከማውቀው ሰው መግዛትን ነው። ጥራጥሬ ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ፣ ምስርና ሽምብራ ካለ ምን ብስኩት ያስፈልጋል።

የሸዋ በሯ
የምሳ ዕቃውን ለእኔ ተዉት፣ ሦስት ልጅ አሳድጌበታለሁ። አብሽሪ እታለም፣ በአንድ ቀን አትከልክይው። እኔ ብስኩቱን ለዓርብ ብቻ አደረግሁት። በሌላው ቀን እንቁላል ፍርፍር ሠርቼ፣ ሲበርድ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ በቢላዋ ጣት የሚያህል እቆራርጠዋለሁ፣ አፉን ወደ ታች አድርጌ ነው የምደረድረው፣ አለዚያ ይፈታል። ሲያሰኘኝ ቅቅል ድንች፣ ሲያሰኘኝ ጭኮ። በጁሱ ፈንታ ውሃና አንድ ብርቱካን፣ ብርቱካኑን ልጪለት፣ ራሱ ልላጥ ካለ ደብተሩ ነው የሚበላው። ቆሎና ለውዝ ለትልቁ ይሁን፣ ለ3 ዓመቷ እንዳትሰጪ፣ ያንቃል።
ዘይትም አትርሱ። ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ይላል፣ ውሸት አይደለም፣ ግን የትኛውም የአትክልት ዘይት የለውም! ይልቅ ጠዋት ጀሪካኑን እዩት፣ በደሴ ብርድ ፓልሙ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ግማሹ የሚረጋ ስብ ነው። የማይረጋው ፈሳሽ ዘይት ውድ ነው ካላችሁ ትንሽ ገዝቶ በማንኪያ እየለኩ መጠቀም ነው፣ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የሆጤዋ እናት
አላህ ይስጣችሁ። የተረፈውን ብስኩት ባለቤቴ በሻይ ጨረሰው፣ እየሳቀ። ልጁ ዛሬ ምሳ ዕቃውን ባዶ አመጣ፣ ግማሹን ጓደኛዬ በላብኝ አለ። የገንፎ እህሉን ካርቶን ደግሞ ለእህቴ ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና በስልክ አነበበችልኝ፣ ዝርዝሩ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ አጃ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ሰምቶ ምን አለ፣ «ሰኞ ገበያ አጃ ጠፋ እንዴ?»