ልጄን የሒሳብ ውድድር ላስገባት ወይስ ይቅርባት?

የማራኪዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጎንደሬዎች። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ነፍሷ ነው፣ ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድሟን የምታስጠናውም እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ግን እጇን አታወጣም። አሁን መምህሯ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ለሚደረግ ውድድር መርጧታል፤ እሷ ደግሞ «ሰው ፊት ብሳሳትስ» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። አባቷ በበኩሉ «በሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሪ አለባት፣ ጊዜዋን አታባክን» ባይ ነው። እውነት ውድድር ልጅን ያጎብዛል? ያያችሁ ንገሩኝ።

የአዘዞው መምህር፦
እህቴ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አስገቢያት እላለሁ፣ ግን መጀመሪያ ውድድሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቂ። ቀድሞ እጁን ያወጣ የሚመልስበት ከሆነ ፍጥነትና ድፍረት ነው የሚፈተነው፣ ዝምተኛ ልጅ እዚያ ትጎዳለች። በወረቀት ከሆነና በቂ ጊዜ ካለው ሌላ ነገር ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ብታዪ በሁለት ቀን 6 ጥያቄ ብቻ ነው፣ በየቀኑ 4 ሰዓት ተኩል ይሰጣቸዋል። መልሱን መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ እንዴት እንደደረሱበት ማስረዳት አለባቸው፤ ስለዚህ ጥያቄውን ሳይጨርስ ጥሩ መንገድ የሄደ ልጅም ነጥብ ያገኛል።

ክበባችን ውስጥ አንዴ እንዲህ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ስንት ተማሪ ቢኖር ነው ሁለቱ የግድ በአንድ ወር የተወለዱ የሚሆኑት? ፈጣኖቹ «13!» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «ጳጉሜስ?» ስትል ሰማኋት። ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። እጇ እየተንቀጠቀጠ 13 ሳጥን ሣለች፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ። «13 ልጆች አንድ አንድ ሳጥን ሊይዙ ይችላሉ፣ 14ኛው ግን የት ይገባል?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም። አሁን ጠመኔ ስጠኝ የምትለኝ ራሷ ናት። ሽልማት አልሰጠኋትም፤ ያሰበችውን ሰው ፊት አስረድታ ሲገባቸው አየች፣ በቃ።

የቀበሌ 18 ልጅ፦
እትዬ፣ እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ላንሳ። እኛ ትምህርት ቤት የተሸነፉትን ጠዋት ሰልፍ ላይ ስማቸውን ከነውጤታቸው ያነቡት ነበር። አብሮኝ የተወዳደረ ጎበዝ ልጅ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ጠላ፣ እስከ መጨረሻው። ውጤቱን እንዴት እንደሚናገሩ ሳይጠይቁ እንዳይፈርሙ።

ደግሞ የኢራኗን የሒሳብ ሊቅ ማርያም ሚርዛኻኒን ይንገሯት። ልጅ እያለች አንድ ዓመት ሒሳብ ላይ ደከመች፣ አስተማሪዋም ብዙ ተስፋ አልጣለችባትም፣ በራሷ መተማመኗ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት የሚያበረታታት መምህር አገኘች። ከዚያ በ1994 እና በ1995 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒያድ ላይ ወርቅ ወሰደች፣ በሁለተኛው 42 ከ42! በ2014 እ.ኤ.አ. ከሒሳብ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያን የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የአዘዞው መምህር፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ የሰልፉ ነገር ትልቅ ጥፋት ነው። ስለ ሚኒስትሪው ግን አባቷ አይስጉ። ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ፎርሙላ ጠፍቶት አይደለም፣ ጥያቄውን በወጉ ሳያነብ እየዘለለ ነው። የውድድር ጥያቄ ደግሞ ቀስ ብሎ ማንበብን ያስለምዳል። በሳምንት ሁለት ከባድ ጥያቄ ይበቃታል፣ ከዚያ በላይ አታስጨንቋት።

የማራኪዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ሄጄ መምህሯን በወረቀት ነው ወይስ በቃል እለዋለሁ፣ የሰልፉንም ጉዳይ አነሳለሁ። ለ7ኛ ክፍል የሚሆን ያለፉ ዓመታት የውድድር ጥያቄ ያላችሁ እባካችሁ እዚህ ለጥፉልኝ።