ለደንገጎ ዳገት ስንት ኦክቴን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የገባችው መኪናዬ የነዳጅ ክዳን ላይ 87 የሚል ተጽፏል፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስወጣ ሞተሯ ስለሚያንኳኳ፣ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ልፈልግላት ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአሜሪካው ቁጥር የሁለት መለኪያዎች አማካይ ስለሆነ፣ የእርስዎ 87 በሌሎች አገሮች አቆጣጠር ወደ 91 ይጠጋል። ኦክቴን የጉልበት መለኪያ ሳይሆን፣ ቤንዚኑ ሲታመቅ የካንዴላውን ብልጭታ ሳይጠብቅ በራሱ እንዳይቀጣጠል የሚቋቋምበት ልክ በመሆኑ፣ ከታዘዘው በላይ መቅዳት ለተራ ሞተር ትርፉ ወጪ ነው።

መልስ፦ እስማማለሁ። ይሁንና ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ማንኳኳቱ መቀነስ ነበረበት፤ ስለዚህ የድሬዳዋን ሙቀትና ማርሽ ሳይቀንሱ ዳገት መግፋትን (የብዙዎቻችን ስንፍና ነው) ይጠርጥሩ፤ ካልተሻላት በሲሊንደሩ የተጠራቀመውን ካርቦን ያስመርምሩ።

መልስ፦ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ካላት ግን መመሪያው ካዘዘው ቁጥር አይውረዱ።