ጥቆማ ፈለግሁ፦ የኮምፓውንድ ቀስቴ ገመድ ክንዴን እየገረፈኝ ነው

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው) ከያዝኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ስለቀው ገመዱ ከክርኔ ዝቅ ብሎ የክንዴን የውስጥ ጎን ይገርፈኛል። በልዟል። ትናንት ያንኑ ቦታ ሁለቴ ደገመኝና አሁን ልለቅ ስል ዓይኔን መጨፈን ጀምሬያለሁ። የክንድ መከላከያ ልገዛ ነው። ቆዳ፣ ፕላስቲክ ወይስ እንደ ካልሲ የሚጠለቀው? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ቆዳ ብቻ፦ ቆዳ። አለቀ። የኔ 11 ዓመቱ ነው፣ አንድ ስፌት አልተተረተረም። ሌላው መጫወቻ ነው።

ነፋሻው፦ በሙቀት ቆዳ አስረህ ዋል እስኪ፣ ክንድህ ይቀቀላል። ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ይሻላል። ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ ማሰሪያው ላስቲክ ነው። አጭሩን ሳይሆን ረጅሙን እዪ።

ተቃጥያለሁ፦ ፕላስቲክ እንዳትገዢ እህቴ! እኔ ከኢንተርኔት አዝዤ ነው። ፎቶው ላይ የጎልማሳ ክንድ ነበር፣ የመጣልኝ የሕፃን ነው። እንደምንም አሰርኩት። ሦስተኛው ፍላጻ ላይ ገመዱ የማሰሪያዋን መንጠቆ ይዟት ሄደ። መከላከያው ተገነጠለ፣ ፍላጻው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለሻጩ ጻፍኩ። «ፎቶ ላክ» አለኝ። ላክሁ። «ከሌላ ጎን ላክ» አለኝ። ዘጠኝ ፎቶ ልኬያለሁ። ከዚያ ጭጭ።

ነፋሻው፦ መንጠቆውን ወደ ውስጥ አዙረህ አስረህ ገመዱ ባይዘው ነበር የሚገርመኝ። መንጠቆ በክንድ የውጪ ጎን ነው የሚሆነው።

ተቃጥያለሁ፦ መመሪያ አልነበረውም! ጥፋቱ የኔ ሆነና አረፈው? ዘጠኝ ፎቶ ነው የምልህ።

እኔም፦ እኔንም እንደዚሁ አድርገውኛል። የኔ ግን ፍላጻ ነበር። ስድስት አዝዤ አምስት መጣ። ደውዬ ስጠይቅ «ደግመው ይቁጠሩ» አሉኝ።

ተቃጥያለሁ፦ ቆጠርክ?

እኔም፦ ቆጠርኩ እንጂ። አምስት።

ሪሊዝ ወዳጅ፦ ጣትሽን ከሆነ የሚያምሽ በጣት መሳብ ተዪና ሪሊዝ ግዢ፣ ገመዱን በጣትሽ ፈንታ ይዞ የሚለቅ መሣሪያ ነው። አንጓ ላይ የሚታሰረው ለጀማሪ ጥሩ ነው።

ነፋሻው፦ ክንድ ነው ያለችው ወዳጄ። ቀጥሎ ለጉልበቷ ምን ልታዝላት ነው?

የድሮ ተኳሽ፦ ልጄ፣ መከላከያ ግዢ፣ አልከለክልሽም። ዓይን መጨፈኑ ከብልዙ የባሰ ነው፣ አንዴ ከለመደብሽ ለማስተው ወራት ይፈጃል። ግን ልኩ የተስተካከለ ኮምፓውንድ ክንድ አይነካም። የሚነካሽ ክንድሽ የገመዱ መንገድ ላይ ስለቆመ ነው።

እጀታውን እንደ መዶሻ ጨብጠሽው ይሆናል። ያኔ አንጓሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክንድሽም ይከተለዋል። እጀታው ማረፍ ያለበት በአውራ ጣትሽ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነው፤ መዳፍሽ ላይ ያለውን ረጅም መስመር መሻገር የለበትም። የጣቶችሽ መገጣጠሚያ ወደ 45 ዲግሪ ያጋድል። ጣቶችሽን ልቅ አድርጊ፣ ቀስቱን የሚይዘው ግፊቱ ነው።

አሁን ተነሺና መዳፍሽን ግድግዳ ላይ በትከሻሽ ልክ አሳርፊ። መዳፍሽን ሳታነቃንቂ ክርንሽን ብቻ አዙሪ። ወደ ጣሪያ ያይ የነበረው የክርንሽ እጥፋት ወደ ጎን ይዞራል፣ የክንድሽ የውስጥ ሥጋም ሲሸሽ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ገመዱ የሚያልፈው እዚያ በተከፈተው ቦታ ነው። ክርንሽን ግን ገትረሽ አትቆልፊው።

ይህ ካልፈታው ድሮው ሌንግዝሽን፣ ማለትም ገመዱ የሚሳብልሽን ርዝመት፣ እዪ። ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች ለኪና ለ2.5 አካፍዪ። 65 ከሆነ 26 ማለት ነው። ግምት ነው፣ ግን ብዙ አይስትም። ቀስቱ ከዚያ ከረዘመብሽ ክንድሽ ይገተራል፣ ትከሻሽ ይነሳል፣ ገመዱም ያገኝሻል።

ቆዳ ብቻ፦ ይሄን ሁሉ ከምታነብ ቆዳ ገዝታ ብትገላገል አይቀልም?

ነፋሻው፦ ይቀላል። ጣሪያ ሲያፈስም ባልዲ መግዛት ይቀላል።

ቆዳ ብቻ፦ ባልዲው ቆዳ ከሆነ አያፈስም።

ዝምተኛው፦ ሁለት ነገር ልጨምር። ሰፊ እጅጌ ከለበስሽ ገመዱ ክንድሽን ሳይሆን ጨርቁን ነው የሚይዘው፣ ግን ያው ያምማል። ደግሞ ከእጀታው ጎድጓዳ ቦታ እስከ ገመዱ ለኪ። 6 ኢንች ገደማ ከሆነ ገመዱ ወደ ክንድ በጣም ይቀርባል፣ ትንሽ ስህተትም አይምርም። 7 እና ከዚያ በላይ ያለው ለጀማሪ ይሻላል።

ጀማሪዋ፦ ለካሁ! 64 ኢንች ወጣ፣ 25.6 መሆኑ ነው። ቀስቱ ደግሞ 28 ላይ ነው የታሰረው፤ ከአክስቴ ልጅ ነው የወሰድኩት፣ እሱ ረጅም ነው። መዶሻውም እውነት ነው ጋሼ፣ አንቄው ነው የምይዘው። ግድግዳው ላይ ክርኔ ዞረልኝ፣ ግን ትከሻዬም አብሮ ይነሳል።

የድሮ ተኳሽ፦ መጀመሪያ ትከሻሽን ጣዪ፣ ከዚያ አዙሪ። በቀን ጥቂት ጊዜ ደጋግሚው፣ ይለምዳል። በ28ቱ ግን ከዚህ በኋላ አትተኩሺ። ብዙዎቹ ቀስቶች ካሙ ላይ፣ ማለትም ጫፍ ላይ ባለው መዘውር፣ የሚዞር ማስተካከያ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ግን ሌላ ካም ይፈልጋሉ። ለባለሙያ ስጪው እንጂ ቤት ውስጥ ገመዱን እንዳትፈቺ። ያለ ፍላጻ ስበሽም እንዳትለቂ፣ ቀስቱ ይፈነዳል፣ አንቺም ትጎጃለሽ። ብልዙ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዢበትና እስኪድን እረፊ።

ጀማሪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን እኮ ስለ ካልሲው ዓይነት ማንም አልመለሰልኝም።

ዝምተኛው፦ ስሱ ካልሲ ሰፊ እጅጌን ይሰበስባል እንጂ ምት አይመልስም። ውስጡ ጠንከር ያለ ንጣፍ ያለውን ካገኘሽ ያዢው።

ቆዳ ብቻ፦ ወይም ቆዳ።

ተቃጥያለሁ፦ ሰዎች፣ ሻጩ አሁን መለሰልኝ። አሥረኛ ፎቶ ይፈልጋል።