በዝናብ ወቅት ለሚደረግ የዛንዚባር ጫጉላ ምክራችሁን እንሻለን

ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ የተቆረጠ በመሆኑ፣ እኔና እጮኛዬ ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ዛንዚባር የምንሄደው ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ገደማ በሚዘልቀው ከባድ የዝናብ ወቅት ይሆናል። የሁለታችንም የዓመት ፈቃድ ከዚያ ውጭ ስለማይገኝ ቀኑን መለወጥ አንችልም፤ የመኝታ ዋጋ መቀነሱ ግን በእጅጉ ጠቅሞናል።

የተቸገርነው በቦታ ምርጫ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄ አጠገብ ያገኘነውን ሪዞርት በጣም ወድደነዋል፤ ሆኖም በዚያ በኩል ውሃው በቀን 2 ጊዜ ርቆ ስለሚሸሽ፣ ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበት አሸዋ ብቻ ይቀራል። እጮኛዬ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ዝናቡ ባባራላት ሰዓት ውሃው ሸሽቶ እንዳይጠብቃት እሰጋለሁ። በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም፤ ዋጋቸው ግን ከአቅማችን ትንሽ ከፍ ይላል።

በዚህ ወቅት የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ የሚዘንብ ነው ወይስ በየመሃሉ ያባራል? ወደ ትንሿ ምኔምባ ደሴት የሚወስዱት ጀልባዎችስ ይሠራሉ? አንዳንድ ሪዞርቶች በዚህ ጊዜ ለእድሳት ስለሚዘጉ፣ ምግብ ቤቱና መዋኛ ገንዳው ክፍት መሆናቸውን ከመክፈላችን በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይበቃል ወይስ ሌላ መጠየቅ ያለብን ነገር አለ?